ስለ ጓሮ የፍሬ ዛፎችና ስለ ወንዱ ኮሽም

ሰው በመሬት ላይ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ትዕግሥትን በማስተማር የፍሬ ዛፍን እንደ መትከል ያለ አይገኝም። እህል የዘራ ሰው በዓመቱ ያጭዳል፤ ጎመን የተከለም ብዙ ሳይቈይ ይቀነጥሳል፤ የፍሬ ዛፍ የተከለ ግን ሕፃን ልጁ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ይጠብቃል። ባለጸጋም ቢሆን ድኻ፣ ሹምም ቢሆን ተራ ሰው፣ ዛፍ ለሁሉም አንድ ዐይነት ቀጠሮ ይሰጣል፤ ቀጠሮውንም በአማላጅ ወይም በገንዘብ ማሳጠር አይቻልም።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶናል። የሰውን ክርክርና የዳኞችን ፍርድ ስንጽፍ ውለን ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ ዐይናችንን የሚያሳርፍልን የጓሮ ተክላችን ነው። ዛሬም በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው፣ በገበያ ብዙ የማይታዩትን የፍሬ ዛፎች በትንሽ ግቢ ውስጥ እንዴት እንዳሳደግን፣ ጣዕማቸውም ምን እንደሚመስል፣ ደግሞም ከእነርሱ አንዱ በቤታችን ያስነሣውን ክርክርና የክርክሩን ፍጻሜ ነው።

ቤታችን በአዲስ አበባ ከተማ ዳር ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ስለ ሆነ፣ ማንጎንና ፓፓያን የመሰሉት የቆላ ፍሬዎች አይስማማቸውም። ግቢው በ2003 ዓ.ም. ወደ እጃችን ሲገባ ስፋቱ 250 ካሬ ሜትር ያህል ነበረ፤ በውስጡም አንድ ካዝሚር፣ አንድ ኮክ፣ በምሥራቅ አጥር በኩልም ሁለት ያረጁ ኮሽሞች ቆመውበት ነበር። እኛም ወሽመላንና ጊሽጣን ጨመርንበት።

በመጀመሪያ ስለ ስማቸው ጥቂት እንናገር። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግእዝ፣ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የውጭ አገር ቋንቋ ስለ ተማርን፣ የአንድ ነገር ስም ከየት እንደ መጣ መመርመር ልማድ ሆኖብናል። ኮክ የምንለው ፍሬ ትውልዱ ቻይና ሲሆን፣ ስሙ ዐረቦች «ኾኽ» ከሚሉት ጋራ አንድ ነው። ወሽመላም እንዲሁ ከቻይና የተነሣ ነው፤ በግብፅ አገር «በሽመላ» ይሉታል። ጊሽጣን ደግሞ ዐረቦች «ቂሽጣ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የወተት ስልባቦት ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው ሥጋው ነጭና ልስልስ ስለ ሆነ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የዘይቱን ስም ነው። ዐረቦች ዘይቱን የሚሉት የወይራን ፍሬ ነው፤ ደብረ ዘይት የሚለውም ስም ከዚያው ወገን ነው። በአማርኛ ግን ይህ ስም ከአሜሪካ ለመጣ፣ ከወይራ ጋራ ምንም ዝምድና ለሌለው ፍሬ ተሰጠ። በለስም በመጽሐፍ የሚታወቀው ሌላ ዛፍ ሲሆን፣ በሰሜን አገራችን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት የገባው፣ ትውልዱ ሜክሲኮ የሆነ ባለ እሾህ ቁልቋል ስሙን ወርሶታል። ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ዛሬ የሌለበት ደጋ የለም። ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው፣ ዛፍ እንግዳ ሆኖ ይመጣል፤ ስም ካገኘ በኋላ ግን የአገር ልጅ ይሆናል።

ካዝሚር ትውልዱ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ከሎሚና ከብርቱካን ዘመድ ይቈጥሩታል፤ ፍሬውን የበላ ሰው ግን ይህን ዝምድና ለማመን ይቸገራል፤ ምክንያቱም የሎሚ ኮምጣጣነት ከቶ የለበትም። ከውጭ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ውስጡ እንደ ቅቤ የለሰለሰ፣ እጅግ ጣፋጭ፣ ወደ ልጣጩ ሲጠጉ ግን ትንሽ ምሬት የሚነካው ነው። የጥንት የሜክሲኮ ሰዎች በቋንቋቸው የእንቅልፍ ፍሬ የሚል ትርጓሜ ያለው ስም ሰጥተውት ነበር። ዘሩ ጕዳት ስላለው ልጆች እንዳያኝኩት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ካዝሚር በገበያ ብዙ የማይታየው ጣዕም አጥቶ አይደለም። ልጣጩ እጅግ ስስ ስለ ሆነ በስሎ ከወደቀ ይፈርጣል፣ በከረጢትም ከተጫነ ይጠቍራል። ስለዚህ እኛ ፍሬው መጠኑን ከጨረሰ በኋላ ገና ጠንካራ ሳለ በመቀስ ከነአንገቱ ቈርጠን፣ በቤት ውስጥ በገለባ ላይ ደርድረን እናቈየዋለን። በጥቂት ቀን ሲለሰልስ በማንኪያ ይበላል። ከዘር የተነሣ ካዝሚር ፍሬ ለመስጠት ሰባትና ስምንት ዓመት ሊቈይ ይችላል፤ ከሚያፈራ ዛፍ የተዳቀለ ግን ቶሎ ይደርሳል። የእኛን ማን እንደ ተከለው አናውቅም፤ ነገር ግን በበላነው ቍጥር ያን ያልታወቀ ሰው እናመሰግነዋለን።

ወሽመላ አድካሚ ዛፍ አይደለም። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ አበባውም ነጭና መዓዛው ያማረ ነው። ፍሬው ብርቱካንማ ቢጫ ነው፤ ጣፋጭነትና ኮምጣጣነት በአንድነት ይገኙበታል። በውስጡ ያሉት ትልልቅ ቡናማ ፍሬዎች ግን መርዝነት ስላላቸው ይጣላሉ። ወፎች ከሰው ይልቅ ቀድመው የሚበስልበትን ቀን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ዘለላውን በወረቀት ከረጢት እንሸፍነዋለን።

በቤታችን የሕፃናት ትምህርት ቤት የሆነው ጊሽጣ ነው። ከጊሽጣ ወገኖች ለደጋ የሚስማማው ቼሪሞያ የሚባለው ነው፤ ትውልዱም በአሜሪካ ነው። ነፋስ በማይመታው በግድግዳ ጥግ ተክለነው በአምስተኛው ዓመት አበበ። ዳሩ ግን አበባው እየረገፈ ፍሬ ሳናይ አንድ ዓመት አለፈ። ምክንያቱን ስንመረምር የአበባውን ጠባይ ተረዳን። አንዱ አበባ በመጀመሪያ እንደ ሴት ሆኖ ጥቂት ይከፈታል፤ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ወንድ ሆኖ ፈጽሞ ተከፍቶ ብናኙን ያፈሳል። ስለዚህ አንዱ አበባ ራሱን በራሱ ማጽነስ እጅግ ያስቸግረዋል። በትውልድ አገሩ ይህን የሚያገለግሉት ትንንሽ ጢንዚዛዎች ናቸው፤ እነርሱ በሌሉበት አገር ግን ሰው በእጁ መሥራት አለበት።

ሥራውም እንዲህ ነው። ወደ ማታ ፈጽመው ከተከፈቱት አበቦች ብናኙን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጠርጎ በትንሽ ዕቃ ማኖር፤ በማግሥቱም ማለዳ ገና ጥቂት ብቻ ወደ ተከፈቱት አበቦች ውስጥ በዚያው ብሩሽ ማግባት ነው። ይህን ሥራ ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ሰጠናት። እርሷም የነካችውን አበባ ሁሉ በቀይ ክር እያሰረች፣ ቀኑን በደብተር እየጻፈች ሠራች። በዚያ ዓመት ካሰረቻቸው ሠላሳ አበቦች አሥራ አንዱ ፍሬ ሆኑ። የመጀመሪያውን ፍሬ ስንከፍት ነጩን ሥጋ ቀምሳ፣ «አባዬ፣ ይህ እኮ ስኳር የተጨመረበት እርጎ ነው» አለችን። ጥቍሩን ዘሩን ግን ወዲያው ሰብስበን ጣልነው፤ እርሱም መርዝ ነውና።

አሁን ወደ ኮሽም እንመለስ። ከላይ የቈጠርናቸው ሁሉ ከሩቅ አገር የመጡ ሲሆኑ ኮሽም ግን የአገራችን ተወላጅ ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት በሳይንሳዊ ስሙ «አቢሲኒካ» ብለው በአገራችን ስም ጠርተውታል። ሲበስል ብርቱካንማ ቢጫ የሆነ፣ ክብ፣ ኮምጣጣ ፍሬ ነው። በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ከሲሎን ከተገኘ ዘመዱ ጋራ አዳቅለውት እንደ ጥሩ የጓሮ ፍሬ ይተክሉታል። በአገሩ ግን ኮሽምን የሚያስበው ሰው ስለ ፍሬው ሳይሆን ስለ እሾሁ ነው፤ ሌባና ከብት እንዳይገባ በአጥር ዳር ይተከላል፤ የብሎኬት ግንብ የሚሠራበት ገንዘብ ሲገኝም ይነቀላል። እኛ ለፈረንጅ ፍሬ ስኳር ስንገዛ፣ የአገራችንን ፍሬ ፍየል እንዲበላው መተዋችን የሚያስገርም ነገር ነው።

ኮሽም በጥሬው ሲበላ ፊትን ያስቈጥራል። ተፈጭቶ ከማር ጋራ ሲጠጣ ግን ጥም ያረካል፤ ከስኳር ጋራ ተቀቅሎ ማርማላታ ሲሆን ደግሞ ከውጭ አገር ከሚመጣው ከማናቸውም አይተናነስም። ባለቤታችን ይህን ማርማላታ በየዓመቱ ትሠራለች፤ እንግዶቻችንም የምን ፍሬ እንደ ሆነ ጠይቀው «ኮሽም ነው» ሲባሉ አያምኑም።

ግቢውን ከያዝን በኋላ ለስድስት ዓመት ያህል ሁለቱ ኮሽሞች ሳያቋርጡ አፈሩ። በ2009 ዓ.ም. ጎረቤታችን የኮሽም አጥሩን ነቅሎ ግንብ አሠራ፤ መብቱም ነበረ። በ2010 ዓ.ም. ኮሽሞቻችን እንደ ልማዳቸው አበቡ፤ ፍሬ ግን አልያዙም። በ2011 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሆነ። ወዳጆቻችን አንዱ መሬቱ ደክሟል፣ ሌላው ዛፉ አርጅቷል፣ ሌላውም ዐይን በልቶታል ይሉን ነበር። የዕፀዋት መጽሐፍ ብንመለከት ግን ምሥጢሩ ተገለጠልን። ኮሽም እንደ ሰው ወንድና ሴት አለው፤ የወንዱ አበባ በአንድ ዛፍ፣ የሴቲቱም አበባ በሌላ ዛፍ ይወጣል። የእኛ ሁለቱም ሴቶች ነበሩ፤ ባሎቻቸው በጎረቤት አጥር ውስጥ ኖረው ከአጥሩ ጋራ ተነቅለዋል።

ስለዚህ በዚያው ዓመት ከሌላ ሰፈር የኮሽም ዘር አምጥተን በጣሳ ዘራን። ዘሩ ሲበቅል ወንድ ይሁን ሴት በቅጠሉ አይለይም፤ እስኪያብብ መጠበቅ ነው። ከበቀሉት ሦስቱን በአጥሩ ሥር ተክለን የቀሩትን ለወዳጆቻችን ሰጠን። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2016 ዓ.ም. ሦስቱም አበቡ፤ አንዱ ወንድ፣ ሁለቱ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ዓመት አሮጌዎቹ ኮሽሞች እስኪጎነበሱ ድረስ አፈሩ።

በ2017 ዓ.ም. በቤታችን ሌላ ነገር ተነሣ። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ከደመወዛችን ጋራ እየተሽቀዳደመ ስላስጨነቀን፣ በምሥራቅ አጥር በኩል ለኪራይ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች ለመሥራት አሰብን። ግንበኛው መጥቶ ገመዱን ዘረጋ፤ ገመዱም በኮኩና በወንዱ ኮሽም ላይ አለፈ። ግንበኛው ኮሽሙን አይቶ፣ «ጋሼ፣ እነዚያ ፍሬ አላቸውና ይቈዩልዎ። ይህኛው ግን እሾህ ብቻ ነው፤ አንድ ፍሬ እንኳ የለበትም። ለምን ቦታ ይይዝብዎታል?» አለን። እኛም ምክንያቱን ነግረን ገመዱን እንዲያነሣ ብንለምነው፣ ባለቤታችን ከቤት ወጥታ፣ «አንተ ለዛፍ ጥብቅና ቆመሃል፤ ለልጆቹስ ክፍያ ማን ይቁምላቸው?» አለችን።

ይህ ንግግር ቀላል አልነበረም። እርሷ የቤቱን ወጪ በየወሩ እየቈጠረች የምትይዝ ናት፤ የሁለት ክፍል ኪራይ ምን እንደሚሸፍን ከእኛ ይልቅ ታውቃለች። ዛፍ ለመውደድ ሲባል ልጅን ማስራብ ፍርድ አይደለም። እኛም ይህን አውቀን ዝም አልን፤ ሦስት ቀንም ስለ ነገሩ ሳንነጋገር ሰነበትን። ግንበኛውም ሥራ ሳይጀምር ይመላለስ ነበር።

በአራተኛው ቀን በዕድሜ የገፉት የጎረቤታችን እናት እማማ፣ እንደ ልማዳቸው የሳምንቱን ቡና ሊጠጡ መጡ። ባለቤታችንም ነገሩን ስትነግራቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሽም አጥታችሁ ከእኔ ጋራ ስታዝኑ አልነበረምን? የእኛ አጥር ሲነቀል የእናንተ ዛፍ መከነ። አሁን ደግሞ ወንዱን ቈርጣችሁ ከሴቲቱ ልጅ ትጠብቃላችሁን?» አሏት። በፍርድ ቤት አያሌ ምስክሮች ሲናገሩ ጽፈናል፤ እንደዚህ አጭርና ነገር የሚቈርጥ የምስክርነት ቃል ግን የጻፍነው ጥቂት ነው።

ባለቤታችን ያን ቀን ምንም አልመለሰችም። በማግሥቱ ግን ግንበኛውን ራሷ ጠርታ ፍርዷን ሰጠች፤ ይኸውም፣ በሁለት ክፍል ፈንታ አንድ ክፍል ይሠራ፤ ኮኩ ይቈረጥ፤ ወንዱ ኮሽም ግን ይቈይ የሚል ነው። ምክንያቷንም ስትገልጥልን፣ «ኮክ በወቅቱ ከገበያ ገዝተን እናመጣለን፤ ኮሽም ግን ማን ይሸጥልናል? ገበያ የሚያመጣልንን ገበያ ያምጣልን፤ ገበያ የማያውቀውን እኛ እንጠብቀው» አለች። ይህ ፍርድ ከእኛ አሳብ የተሻለ ነበረ፤ እኛ አንዱንም ለመቍረጥ ፈቃድ አልነበረንምና።

ኮኩ ሲቈረጥ ልጆቹ አለቀሱ። በየዓመቱ ቅጠል ሳያወጣ በሐምራዊ አበባ ይሸፈን ስለ ነበረ፣ በመስኮቱ አንጻር የነበረው ውበቱ ዛሬ በግድግዳ ተተክቷል። የቀረብንን የአንድ ክፍል ኪራይ ለመተካት ደግሞ እኛ በቅዳሜና በእሑድ ማታ ከውጭ አገር ቋንቋ ወደ አማርኛ ጽሑፍ እየተረጐምን በክፍያ እንሠራለን። አንዳንድ ሌሊት ዐይናችን ሲደክም የወንዱ ኮሽም ዋጋ ይህ መሆኑን እናስባለን። ነገር ግን ዋጋ የሌለው ነገር በቤት ውስጥ አይከበርም፤ ልጆቻችን ያን ዛፍ በአክብሮት የሚያዩት ስለ እርሱ የተከፈለውን ስላዩ ነው።

ከዚህ ነገር ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። በመጀመሪያ፣ ዛፍ አላፈራም ብሎ ከመቍረጥ በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ምናልባት ወንድ ይሆናል፤ ምናልባት ባልንጀራው ተነቅሎበት ይሆናል፤ ምናልባትም እንደ ጊሽጣ የሰው እጅ ይፈልግ ይሆናል። ሳይሰሙ መፍረድ በሰው ላይ ነውር እንደ ሆነ ሁሉ በዛፍም ላይ ኪሳራ ነው። በቤተ ሰብም ውስጥ ሆነ በመሥሪያ ቤት ስሙ ከፍሬው ጋራ የማይጠራ፣ ነገር ግን እርሱ ባይኖር ሌላው የማያፈራ ብዙ ሰው አለ።

ሁለተኛ፣ ቦታው ጠባብ የሆነበት ሰው በገበያ የሚገኘውን ትቶ በገበያ የማይገኘውን ይትከል። ሦስተኛ፣ ኮሽም የሚተክል ሰው አንድ ብቻ አይትከል፤ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ችግኝ ይትከልና ሲያብቡ ይለያቸው። ቦታ ከሌለውም ከጎረቤቱ ጋራ ይስማማ፤ ወንዱ ከአንዱ ግቢ፣ ሴቲቱ ከሌላው ግቢ ቢሆኑ ንቦች ወሰን አያውቁምና።

አራተኛ፣ እኛ ጸሐፊዎች ስለ ሆን ይህን ሳንናገር አናልፍም፤ የተከላችሁትን ዛፍ በመዝገብ ጻፉ። ዘሩ ከየት እንደ መጣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተተከለ፣ መቼ እንዳበበ በደብተር ይኑር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ቢደነግግም፣ ሰው በጕልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል መብት ሰጥቶታል። ዳሩ ግን ወራሾች ግቢ ሲከፋፈሉ ቈርቈሮውና በሩ ሲቈጠር፣ አባት ሃያ ዓመት ያሳደገው ዛፍ ሳይጠራ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይተናል። ያልተጻፈ ነገር ጠበቃ የለውም።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የአገራችንን ፍሬ ቀድመን መቅመስና ማክበር የሚገባን እኛ ነን። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ኮሽም ያለው አንባቢያችን ሁሉ በመጪው አበባ ጊዜ ወጥቶ አበባውን ይመልከት፤ ወንዱንና ሴቲቱንም ለይቶ ለልጆቹ ያሳይ። ከዚያ በኋላ የግንበኛው ገመድ በየት በኩል ማለፍ እንደሚገባው ቤተ ሰቡ በአንድነት ይመክርበታል።